ከእንጦጦ ላይ ባሕር ይታያልን?

ፈተና ባለቀ ማግስት ነበር። ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አድርገን፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣን። አምስት ነበርን፤ ሦስታችን ከታሪክ፣ ሁለታችን ከሥነ ጽሑፍ። በኪሳችን ቆሎ፣ በአፋችን ደግሞ ከመኝታ ቤት ይዘነው የወጣነው ክርክር ነበረ። ክርክሩ የባሕር ነገር ነው። «ኢትዮጵያ የደጋ አገር ናት፤ ባሕር ከተፈጥሯችን ጋር አይሄድም» ይላል አንዱ። «ባሕሩማ የእኛ ነበር፤ ቀሙን እንጂ!» ይላል ሌላው። የቀረነው መሃል ቤት ሆነን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እንላለን።

ዳገቱን ስናጋምስ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ አገኘን። ጭራሮውና ቅጠሉ ከቁመታቸው ይበልጣል። አንዲት እናት ሸክማቸውን ካብ ላይ አስደግፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ ጓደኛችን ለወሬ ያህል፣ «እማማ፣ ይሄን ዛፍ ለምን ባሕር ዛፍ አሉት?» ብሎ ጠየቃቸው። «ከባሕር ማዶ የመጣ ነዋ ልጄ! ተማሪዎቹ ይህ ይጠፋችኋል?» አሉና ተነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛም ሳቅን። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ግን ነገሩ ይብላላብን ጀመር። ለካስ ቀኑን ሙሉ የባሕርን ስም በተሸከመ ጫካ ውስጥ እየሄድን ነው ስለ ባሕር የምንከራከረው!

ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ከተማዋን መልቀቅ ግድ ሊሆን በተቃረበበት ወቅት፣ በ1890ዎቹ ዓመታት በምኒልክ ዘመን ገባ። (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።) እንግዲህ የዚህች ከተማ ምድጃ የነደደው፣ ጎጆዋም የቆመው ውቅያኖስ ተሻግሮ በመጣ ዘር ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ባሕር የማያውቅ ሕዝብ ባሕርን በቋንቋው ውስጥ እንዲህ ይረጨዋልን? የውጭውን ዓለም «ባሕር ማዶ» እንላለን። የሰሜኑ ጠረፍ ገዥ «ባሕር ነጋሽ» ይባል ነበር። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያው «ባሕረ ሐሳብ» ነው። ጥምቀት ሲመጣ በጃንሜዳ ታቦታቱ የሚያድሩበት ውኃ፣ ስፋቱ ምንም ያህል ይሁን፣ «ባሕረ ጥምቀት» ነው። ግእዙ መርከብን «ሐመር» ይላታል። የደጋ ሰው ነን የምንለው ሰዎች አንደበታችን ጨው ጨው ይላል። ታዲያ እግራችን መቼ ነው ከባሕሩ የወጣው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

እንጦጦ ራሱ ለጥያቄው መልስ የሚጀምር ተራራ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ ጀርባ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወደቀው በሱሉልታ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይገባል። በደቡብ በኩል የወደቀው ግን በቀበናና በሌሎች ወንዞች የካን፣ ጉለሌንና አራዳን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። የአፋርን በረሃ ሲያቋርጥ ከርሞ፣ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕሩ ሊታይ ሲል አሸዋና ፀሐይ ይበሉታል። ተራራው ላይ ክንድ ለክንድ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ባሕር ያያል፣ አንዱ በመንገድ ይቀራል። የታሪካችን ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የግሪክኛ የመርከበኞችና የነጋዴዎች መምሪያ አለ፤ «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚል ስም ይታወቃል። ጸሐፊው የቀይ ባሕርን ወደቦች አንድ በአንድ ሲቆጥር አዱሊስን ይጠቅሳል። ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከቆሎኤ እስከ አክሱም ሌላ አምስት ቀን እንደሚያስኬድ ይነግረናል። ከደጋው የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ፣ ከባሕሩም የኤሊ ልብስ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ ወይን ጠጅና ጥቂት ዘይት ይገባል። የአካባቢውን ንጉሥ ዞስካለስን ሲገልጸውም ለገንዘቡ ሳሳ ያለ፣ ነገር ግን የግሪክን ፊደል የተማረ ሰው ነው ይለናል። ከዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የንጉሡ ጠባይ ሳይቀር የሚታወቀው መርከበኞች ስለሚመላለሱ ነው። ወደብ ዕቃ ብቻ አያስገባም፤ ወሬና ፊደልም ያስገባል።

በስድስተኛው መቶ ዓመት ይህ ነገር ከፍታው ላይ ደረሰ። ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ መጥቶ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የግሪክኛ ጽሑፎችን ሲገለብጥ፣ አፄ ካሌብ በሂምያር፣ ማለትም በዛሬይቱ የመን ላይ ዘመቻ ያሰናዱ ነበር። ዱ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ከፈጀ በኋላ፣ በ525 አካባቢ የአክሱም ጦር ባሕር ተሻገረ። የናግራንን ሰማዕታት ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ መጽሐፍ መርከቦቹን ከየወደቡ ይቆጥራቸዋል፤ ከቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፣ ከግብፅ ጠረፍ፣ ከፈረሳን ደሴቶች፣ ከሕንድም ሳይቀር የመጡ ነበሩበት። የስድሳ ያህል የነጋዴ መርከቦች ተሰብስበው፣ ካሌብ ደግሞ የራሳቸውን አሥር አስገነቡ ይላል። ጦሩም ሄዶ አሸነፈ። እንግዲህ «የደጋ ሰው ባሕር አይደፍርም» የሚለው ጓደኛችን ከዚህ ላይ ትንሽ ዝም ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «የተበደሩት መርከብ!» አለና ቀጠለ።

እውነት አለው ወይ? በከፊል። ነገር ግን መርከብ መሥራትንም እናውቅ እንደነበር የሚመሰክር አለ። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ የዚያን ባሕር መርከቦች ሲገልጽ፣ ሳንቃዎቻቸው በብረት ምስማር ያልተመቱ፣ በገመድ እርስ በርስ የተሰፉ ናቸው ይላል። በዘመኑ ሰዎች ይህን የሚያስረዱት በተረት ነበር፤ ከባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ፣ ምስማር ያለውን መርከብ ስቦ ያሰጥማል ይሉ ነበር። ፕሮኮፒየስ ግን ተረቱን አይቀበልም። የሮማውያን መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው በዚያው ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልሆኑምና፤ ምክንያቱ ሌላ ነው ይላል። ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፤ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕጉ ሻጩን በሞት ይቀጣል። ብረት የላቸውም ያለው ላይ እኛ አንስማማም፤ አክሱም ብረት ታውቅ ነበር። ሆኖም አስተሳሰቡ ደስ ይላል። ተአምር የተባለውን ነገር ንግድና ሕግ ውስጥ ፈለገው። እኛም ስለ ባሕር ስናወራ ብረት የሚስበውን ድንጋይ ትተን እንዲህ ብናስብ ምናለበት?

ደግሞም ገመድ ምስማር ያጣ ሰው መላ ብቻ አይደለም። የተሰፋ መርከብ ማዕበል ሲመታው እጥፍ ዘርጋ ይላል፤ አሸዋና ቋጥኝ ሲነካው ቶሎ አይሰነጠቅም። በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራበት በከንቱ አይደለም። ነገሥታቱን ስማቸውን በሳንቲም ላይ እናውቃቸዋለን፤ ሳንቃውን ቀድቶ በገመድ የሰፋውን፣ ነፋሱ የሚዞርበትን ወር የሚያውቀውን ሰው ግን ስሙን የጻፈ የለም። ታሪካችን የተሸከመውን ሰው ስም የመርሳት አመል አለው፤ ያ ከዳገቱ ሲወርድ ያየነው ሸክምም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ጠፋ? አንደኛው ምክንያት በዚያው በፕሮኮፒየስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ በ531 አካባቢ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ፣ «ሐሩን ከሕንዶች እየገዛችሁ ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተም ትከብራላችሁ፣ እኛም ለጠላታችን ለፋርስ ገንዘብ ከማውጣት እንድናለን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አክሱም እሺ አለች፤ ግን አልሆነላትም። የሕንድ መርከቦች በሚደርሱባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው ተገኝተው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። በጦር መርከብ የመንን የያዘች አገር በገበያው ተበለጠች! ከዚያ የመን ራሷ በ570ዎቹ በፋርስ እጅ ወደቀች። በሰባተኛው መቶ ዓመት የንግዱ መንገድ ተለወጠ፤ አዱሊስም ፈረሰች። በ702 ከኢትዮጵያ ጠረፍ የተነሡ መርከቦች ጅዳን ወረው እንደነበር የዐረብ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ ከዚያ በኋላ ዳህላክ በሙስሊሞቹ እጅ ገባች። የአክሱም ወራሾችም ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው መለሱ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። «ባሕሩን ተውነው» ስንል «እኛ» የምንለው ማንን ነው? የደጋው መንግሥት ባሕሩን ተወ እንጂ የጠረፉ ሰው አልተወም። አፋሩ፣ የዳህላኩ ሰው፣ ሶማሌው በሳምቡክ ከየመን ጠረፍ ጋር መመላለሱን አላቋረጠም። ዕንቁ ጠለቀ፣ ዓሣ አጠመደ፣ ጨው ጫነ። ደጋም ላይ ቢሆን ውኃን የሚያውቅ አለ፤ የጣና ወይጦ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፤ ውኃ ሲጠግብ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል፣ ሲበሰብስም ሌላ ይሠራል። የዝዋይ ዛይም እንዲሁ በታንኳው ከደሴት ደሴት ይሄዳል። የታሪክ መጽሐፋችን የቤተ መንግሥት መጽሐፍ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ባሕረኛ አጥተን አናውቅም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ እንበለው። ኦቶማን ቱርክ በ1557 ምጽዋን ያዘ። በ1869 የስዌዝ ቦይ ተከፈተ፤ ቀይ ባሕርም ከጓሮነት ወደ አውራ ጎዳናነት ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የሚባል የጣልያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ ከአፋር ባላባቶች መሬት ገዛ። አስተውሉ፤ ጦር አይደለም፣ የመርከብ ኩባንያ ነው። በ1882 የጣልያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። በ1884 አፄ ዮሐንስ በአድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ባደረጉት ውል ዕቃ በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ ተስማሙ፤ ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 1885 ላይ፣ በእንግሊዝ ፈቃድ ጣልያን ምጽዋ ወረደ። ፈረንሳይ በበኩሉ ኦቦክንና ጅቡቲን ይዞ ነበር፤ እንግሊዝ ደግሞ ዘይላንና በርበራን። ምኒልክ በ1889 በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ጠረፉ በሙሉ ባለቤት ነበረው።

አሁን ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ወደ የካና ወደ ቀበና ተመልከቱ። የጣልያን ኤምባሲ እዚያ ነው፤ የፈረንሳይም እዚያ፤ የእንግሊዝም እዚያ። ጠረፉን የተከፋፈሉት ሦስቱ መንግሥታት በአንድ ወንዝ አካባቢ፣ በሰፋፊ ግቢያቸው፣ በባሕር ዛፋቸው መሃል ጎረቤት ሆነው ተቀምጠዋል። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወራጅ አለ!» ስንል የምንጠራው የዚያን ዘመን ታሪክ ነው። ባሕሩ ከእንጦጦ ላይ አይታይም፤ የባሕሩ ባለቤቶች ግን ይታያሉ።

ምኒልክ ሚያዝያ 14 ቀን 1883 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው ስለ ባሕሩም ጽፈዋል። ያን የሚያህል ኃይለኛ ንጉሥ ስለ ባሕሩ የመረጠው ቃል ግን የሚያስገርም ነው፤ የባሕር ወሰናችንን አሁን በኃይል ለማስመለስ አናስብም፣ የክርስቲያን ነገሥታት ግን ቢያንስ ጥቂት ቦታ ይመልሱልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን የሚል ፍሬ ነገር ነው ያለው። በአድዋ ካሸነፉም በኋላ እስከ ባሕር አልወረዱም። በባሕር ፈንታ ሐዲድ መጣ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ።

ወደቡ የተመለሰው በ1952 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ፌዴሬሽን ነው። በ1955 የባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ኖርዌያውያን መኮንኖች አሠለጠኑ። በ1962 አሜሪካ «ኦርካ» የተባለችውን የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መርከብ አስረከበች፤ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት። ስሟ ተቀይሮ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የደጋ ልጆችም በእሷ ላይ የባሕር ትምህርት ተማሩ። በ1964 ደግሞ የንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 1974 ከተረሸኑት መሃል ናቸው። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፤ ዳህላክ ላይም ሰፈሩ። ፌዴሬሽኑ በ1962 ከፈረሰ ወዲህ ግን ጦርነቱ ምድሩን እየበላ ነበር፤ የካቲት 1990 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ግንቦት 1991 የተረፉት መርከቦች ሕዝባቸውን ይዘው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የተባለችውም እዚያው ቆማ ቆይታ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻነቷን አወጀች።

ይህን ስናወራ ከመሃላችን አንዱ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር። «ቀሙን» ሲል የጮኸውም እሱ ነው። እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ስንደርስ፣ አጎቱ መርከበኛ እንደነበሩና በ1990 ከምጽዋ እንዳልተመለሱ ነገረን። አያቱ እስኪሞቱ ድረስ ሬሳ ስላላዩ እርም አላወጡም። ከዚያ በኋላ ክርክራችን እንደ ፊቱ አልሆነም። የእሱ አያት ልጃቸውን ሲጠብቁ፣ ከወዲያም በኩል እንዲሁ ደጅ ደጁን ሲያዩ የኖሩ የአሥመራና የምጽዋ እናቶች አሉ። በካርታ ላይ ወደብ መጠቆም ቀላል ነው፤ በጣት ነውና።

ይህን የምንለው ባሕር አያስፈልገንም ለማለት አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር አብዛኛውን ዕቃውን በአንድ ጎረቤት ወደብ ሲያስገባ፣ ጭንቀቱ የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ዘይቱና ማዳበሪያው ላይ የሚታይ ነው። ግን ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አክሱም ወደቡም ጦሩም እያላት በገበያ ተበልጣ ተመልሳለች። በሌላ በኩል ወደብ ካጣን በኋላ እንኳ ባሕረኛነታችን አልጠፋም። የንግድ መርከቦቻችን ከ1993 በኋላም ባንዲራ ሰቅለው መሄዳቸውን ቀጠሉ። ድርጅቱ በ2011 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ ዘጠኝ መርከቦች በቻይና አስገንብቷል። በቢሾፍቱ ባቦጋያ የመርከብ መኮንኖች ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። በ2018 የባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ውሳኔ ተነገረ።

ድርጅቱ ከነበሩት መርከቦች የጥቂቶቹን ስም እንንገራችሁ፤ «ዓባይ ወንዝ»፣ «ተከዜ»፣ «ጊቤ»፣ «ሸበሌ»። ዓባይና ተከዜ ባሕር ይደርሳሉ። ጊቤ ግን ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይቀራል፤ ዋቢ ሸበሌም አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ በሶማሊያ አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። ወንዞቹ ያልደረሱበት ውቅያኖስ ስማቸውን የያዙ መርከቦች ደርሰውበታል። ያደረሳቸው ደግሞ ሙያ ነው፤ ሞተር የሚያውቅ፣ ኮከብና ካርታ የሚያነብ፣ በማዕበል ሌሊት ተራውን የሚጠብቅ ሰው።

ስንወርድ ዝናብ ያዘን። በየካ በኩል ጎርፉ መንገዱን ይዞ ወደ ቀበና ይወርዳል። ፈረንሳይ ስንደርስ ጫማችን ጭቃ ነበር። አንድ ስምምነት ግን አደረግን፤ እናንተንም የምናስቸግረው በዚሁ ነው። በየሰፈራችን፣ በየካም በጉለሌም፣ የቀድሞ የባሕር ኃይልና የንግድ መርከብ ሰዎች አሉ። ጡረታ ወጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ጥበቃ የሚሠሩ፣ ቤት የዋሉ። ሄደን እንጠይቃቸው። የነፋሱን ስም፣ የገመዱን ቋጠሮ፣ የወደቡን ዘፈን፣ በመርከብ ላይ ምን እንደሚበላ፣ የመጨረሻውን ቀን እንዴት ከምጽዋ እንደወጡ፣ ማን እንደቀረ። የአዱሊስን መርከብ የሰፉትን ስም አጥተናል። የእነዚህን እንኳ በሕይወት ሳሉ እንጻፍ። የጻፋችሁትን ለመጽሔቱ አዘጋጆች አምጡ፤ እኛም የጓደኛችንን አጎት ታሪክ፣ ከእናቱ ጠይቆ የሚያመጣውን ያህል፣ ለሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን።